ማኅተሙ አዲስ አበባ፣ ስንጥቁ ሮቤ!

ከአዲስ አበባ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፡፡ ማኅተም ግን ባለቤቱ ሳይንቀሳቀስ ይደርሳል፡፡ ፕላኑ ይነደፋል፣ ስም ይጻፍበታል፣ ይፈረማል፤ ፈራሚው መሐንዲስ ቦታውን በዓይኑ አላየውም፡፡ በየከተማው "ፈቃድ ማከራየት" የሚባለው ነገር ይኸው ነው፡፡ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚጠየቅበት ግን የለም፡፡

ሌላ ቦታ ቢሆን የወረቀት ጥፋት ብቻ ሆኖ ያልፍ ይሆናል፡፡ ባሌ ላይ ግን አፈሩ አያሳልፍም! ስንዴና ገብስ የሚያበቅለው የሲናና ሜዳ ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው፡፡ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፡፡ የባሌ ገበሬ ደግሞ በዓመት ሁለት አዝመራ አለው፤ የአገሬው ሰው "ገና" እና "ቦና" የሚላቸው፡፡ ለገበሬው በረከት ነው፡፡ ለቤት መሠረት ግን በዓመት ሁለቴ ወደ ላይ መገፋት፣ ሁለቴ መስመጥ ማለት ነው፡፡ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ከመስኮቱ ጥግ ስንጥቅ ይነሳል፣ ባለቤቱ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ይከፈታል፡፡

ሰው የሚፈራው ፎቁን ነው፡፡ ዋልካ ላይ ግን ቶሎ የሚጎዳው ፎቅ የሌለው ቀላል ቤት ነው፤ የሚያብጠውን አፈር ተጭኖ ለመያዝ ክብደቱ አይበቃም፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል የመዘነው በፎቅ፣ በቁመት፣ በቋሚዎች ርቀትና በአገልግሎት ነበር፡፡ ከ12 ሜትር በላይ የሆነው ከባዱ ምድብ ውስጥ ገባ፤ የጡረተኛው መኖሪያ ቤት ቀላሉ ውስጥ፡፡ ምድቡ ሲለይ አፈሩን የጠየቀው የለም፡፡

እንግዲህ አፈሩን ማስታወስ ያለበት ባለሙያው ነው፡፡ ለዚህ አይደል የሚከፈለው? ጉድጓድ አስቆፍሮ ማየት፣ ዋልካውን አስነስቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም መሠረቱን ከሚያብጠው ንብርብር በታች ማውረድ፣ የጣሪያውን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ፡፡ አዲስ ምርምር አይደለም፡፡ ጎባ ተዳፋት ላይ የቆመን ቤት ፕላን 15 ኪሎ ሜትር ያህል አውርዶ ሮቤ ሜዳ ላይ መገልበጥ ምህንድስና ሳይሆን ፎቶ ኮፒ ነው፡፡

ባለቤቱም ንጹሕ ነው አንልም፡፡ ለመሠረት የሚሰስት ሰው ለፊት ለፊቱ መስታወት ኪሱን ይፈታል፡፡ (መሬት ውስጥ የተቀበረ ብር ለጎረቤት አይታይማ!) መሐንዲሱ "እሺ ጌታዬ" ብሎ ከፈረመ ግን አብሮ አጥፍቷል፡፡ አደጋውን በጽሑፍ ነግሮ ያስፈርም፤ እምቢ ካሉት ሥራውን ትቶ ይውጣ፡፡ እንጀራዬ ነው ይል ይሆናል፡፡ የባለቤቱ የዕድሜ ልክ ቁጠባስ?

ሕግ የለም እንዳይባል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፡፡ አንቀጽ 2031 የሙያውን ደንብ ያልጠበቀን ባለሙያ በጥፋቱ ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ አንቀጽ 3039 ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ለግንባታው ጥንካሬ የ10 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ከአፈሩ ጠባይ ለመጣ ጉዳት ጭምር፡፡ "አፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" ማለት አያዋጣም፡፡ ዋስትናውን የሚያሳጥር ውልም ዋጋ የለውም፡፡ ግን በቃል ተዋውሎ፣ ደረሰኝ ሳይዝ፣ የፈራሚውን መልክ እንኳ ሳያውቅ ያሠራ ሰው ማንን ይከሳል?

የሮቤና የጎባ ሹሞች አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም፡፡ የአፈር ምርመራ ያልተያያዘበትን ፕላን ይመልሱ፡፡ ፈራሚው ራሱ መጥቶ መሠረቱ ሲቆፈር ቆሞ ይይ፡፡ ስሙና የፈቃድ ቁጥሩ አጥሩ ላይ ይለጠፍ፡፡ በሥራው የሚኮራ ባለሙያ ስሙ ቢለጠፍ ደስ ይለዋል፡፡ የማይፈልግ ካለ፣ ለምን እንደማይፈልግ ሹሞቹ ይጠይቁልን፡፡