ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ በማን እጅ ያልፋል?



«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል በየቤታችን ሲነገር ኖሯል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህም ነጩ ልብሳችን የዓለምን ዓይን ይበልጥ ስቧል። ብሂሉን ሸማኔው ከተቀመጠበት ጉድጓድ ሆነን ስናዳምጠው ግን ሌላ ነገር ያሰማናል፤ አገሩ ሁሉ ልብሱን በአንድ ሳምንት ይፈልገዋልና።

በጋሞ ዞን የጨንቻና የዶርዜ ደጋ በሽመናው የታወቀ ቢሆንም የሚያበቅለው እንሰትና ገብስ እንጂ ጥጥ አይደለም። ጥጡ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳርቻ፣ ከአርባ ምንጭ ቆላ፣ ሽቅብ ይወጣል። በነባሩ ልማድ ሴቶች ዳምጠውና ነድፈው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ የጥለቱም ክር ከነጋዴ ይገዛል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሽሮ ሜዳ የከተመው የጋሞ ሸማኔም ይህንኑ ክር ጠባቂ ነው። ክሩ ከዘገየ መወርወሪያው ይቆማል።

ችግሩ የሙያ ማነስ አይደለም። ሸማኔው ክር አስቀድሞ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በዓል ሲቃረብ፣ ዋጋው በናረበት ሰዓት፣ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ሸማውንም ብዙ ጊዜ ለዚያው ነጋዴ፣ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ጥለቱ የበዛ ጥበብ ብዙ ቀን የሚፈጅ በመሆኑ የጎደለው ቀን ከሌሊቱ ይወሰዳል። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ሥራው ይቀዘቅዛል። ያልደረሰውን ትእዛዝ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ይተካዋል።

በዚያ ጥድፊያ ቀሰም የሚያጠነጥነው ማን ነው? ከጋሞ ደጋ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ እየተባሉ ወደ ሽመና ቤት የሚወሰዱ ሕፃናት ነገር የቆየና የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሽመናው በየጓዳው የሚካሄድ ስለሆነ የተቆጣጣሪ ዓይን በቀላሉ አይደርስበትም።

የሸማኔ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ገበያው በሚቀዘቅዝበት በክረምት ክሩን በጅምላ ከፋብሪካ ገዝተው ቢያከማቹ የዱቤው ቀንበር ይቀልላል ብለን እናምናለን። ለዚህም ብድርና መጋዘን ያስፈልጋቸዋል፤ የዞኑ አስተዳደርም ሊያስብበት ይገባል። ከሁሉ የሚቀርበው መፍትሔ ግን በእኛ በለባሾቹ እጅ ነው። የከርሞውን ልብስ በጥቅምት አዝዘን ግማሹን ዋጋ ቀብድ ብንሰጥ፣ ያ ቀብድ ለሸማኔው የክር መግዣ ይሆነዋል፤ ሥራውም በቀን ብርሃን ያልቃል። ቀብዱን ስንሰጥም ቀሰሙን የሚያጠነጥነው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለበትም።