ጥቁሩን ጉድጓድ ማን ሣለው?

ሳይንቲስትና አርቲስት «ተባብረው ሠሩ» ሲባል ስሰማ ቀድሜ የምጠይቀው አርቲስቱ መቼ ተጠራ ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ጥናቱ አልቆ፣ ውጤቱ ታውቆ፣ «እስቲ ይህን አሳምርልን» ሊባል ነው። ይሄ ቀለም መቀባት ነው፤ መተባበር አልለውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኢንተርስቴላር» ፊልም ከዚህ ይለያል። ፊዚሲስቱ ኪፕ ቶርን ከፊልሙ ጥንስስ ጀምሮ አሉበት። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ለታሪኩ የሚያስፈልገው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) እንዲያው በግምት እንዲሣል አልፈለገም። ቶርን ለዚህ የሚያስፈልገውን ቀመር ለለንደኑ የቪዡዋል ኢፌክት ድርጅት ለደብል ኔጌቲቭ ይልካሉ፤ የድርጅቱ ባለሙያዎች እነ ኦሊቨር ጄምስ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ይለውጡታል።

ጥቁር ጉድጓድን አስልቶ መሣል በነሱ አልተጀመረም። ፈረንሳዊው የአስትሮፊዚክስ ሊቅ ዣን ፒየር ሉሚኔ በ1979 በኮምፒውተር ያሰሉትን በቀለም፣ ነጥብ በነጥብ፣ በእጃቸው ሥለውታል። እሳቸው ገጣሚም ናቸው፤ ሁለቱ ሙያ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኝ ጭቅጭቅ የለም። የሳቸው ግን የማይንቀሳቀስ ሥዕል ነበር።

ፊልም ይንቀሳቀሳል፤ ያውም በአይማክስ ስክሪን ላይ። በተለመደው መንገድ፣ የብርሃን ጨረርን አንድ በአንድ እየተከተሉ ካሰሉ፣ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ከዋክብቱ ብልጭ ድርግም እያሉ ያስቸግራሉ። ስለዚህ እነ ጄምስ ነጠላውን ጨረር ትተው የጨረር ጥቅል ወደ ማስላት ሄዱ። አንዳንዱ ፍሬም ተሠርቶ እስኪወጣ እስከ 100 ሰዓት ፈጅቷል። ይህንኑ ፕሮግራም ይዘው፣ በፍጥነት ከሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ የቆመ ካሜራ ምን ያያል ብለው ሲፈትሹ፣ የአንድ ኮከብ ምስል ተባዝቶ ከ12 በላይ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል አገኙ። ለሲኒማ ተመልካች ዐይን ተብሎ የተሠራው ፕሮግራም የፊዚክስ መሣሪያ ሆኖ አረፈ። መተባበር የምለው ይህን ነው።

ኖላን ግን የተሰጠውን ሁሉ አልተቀበለም። በጉድጓዱ ዙሪያ የሚዞረው የጋለ ጋዝ ወደ እኛ በሚመጣበት በኩል መድመቅ፣ በሚሸሽበት በኩል መደብዘዝ ነበረበት። ኖላን ይህን አስወጣው። ተመልካች እንዳይደናገር ሲባልም የጉድጓዱ ሽክርክሪት ለምስሉ እንዲዘገይ ተደረገ። በታሪኩ ውስጥ ግን በጉድጓዱ አጠገብ ባለች አንዲት ፕላኔት ላይ አንድ ሰዓት ማለት በምድር 7 ዓመት ነው፤ ይህ እንዲሆን ጉድጓዱ እጅግ መፍጠን አለበት። ስለዚህ አንዱ ጉድጓድ በአንድ ፊልም ሁለት ፍጥነት አለው፤ አንዱ ለታሪኩ፣ አንዱ ለዐይን!

እኔ በዚህ አልቀየምም። ዳይሬክተር ታሪኩን የማስረዳት ኃላፊነት አለበት። የምቀየመው የተነካው ተደብቆ «ሳይንሱ ይኸው ነው» ቢባል ኖሮ ነው። እነ ጄምስና ቶርን በ2015 ባሳተሙት ጥናት ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ በግልጽ ጽፈዋል፤ ድምቀቱ ያልተነካበትን ምስልም አብረው አውጥተዋል።

በ2019 የኢቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ ቡድን፣ ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ መካከል ያለውን ጥቁር ጉድጓድ ምስል ለዓለም አሳየ። 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ከሚርቀው ከዚያ ስፍራ የመጣው የብርሃን ቀለበት በአንድ ወገን ደምቆ ይታያል፤ ኖላን ያስወጣው ዓይነት ድምቀት ነው።

ፊልሙን የወደዳችሁ፣ ጥናቱንም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ በነጻ ይነበባል። ቀመሩን መዝለል ትችላላችሁ፤ ሥዕሎቹን ግን እዩዋቸው።