ቬንትሌተር ስንት አለን? ጥያቄው እሱ ብቻ አይደለም

ኮቪድ አገራችን በገባበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሁላችንም አንድ ቁጥር ስናሳድድ ነበር፤ ቬንትሌተር ስንት አለን? እኔም እንደ ጋዜጠኛ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ማሽኑን ማን ያስተካክለዋል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ዛሬ ሳስበው ያመለጠኝ ዋናው ጥያቄ ነው።

ጤናማ ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ሰፍቶ አየሩን ይስባል። ቬንትሌተር ግን አየሩን ገፍቶ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ምን ያህል እንደገፋ፣ በምን ፍጥነት እንደገፋና ለመውጫ ስንት ጊዜ እንደሰጠ ሳንባን ሊያድንም ሊጎዳም ይችላል።

ፍሰቱን እንመልከት። ባለሙያው ማሽኑ አየሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ፍጥነት እንዲገፋ፣ ወይም ፈጥኖ ጀምሮ እየቀነሰ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። በሁለተኛው መንገድ ከፍተኛው ግፊት ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ማስገቢያው ጊዜ ስለሚረዝም መውጫው ያጥራል። አስም ለጠናበት ታማሚ ይህ አደጋ ነው፤ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል። ፍሰቱ ሲያንስ ደግሞ ታማሚው አየር እየጠማው ከማሽኑ ጋር ይታገላል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለም።

መጠኑም እንዲሁ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 861 ታማሚዎችን በሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። በአንድ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከታዘዘላቸው 39.8 በመቶ ሞቱ፤ 6 ሚሊ ሊትር ከታዘዘላቸው 31 በመቶ። ልዩነቱን ያመጣው ማሽን መኖሩ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። ኪሎውም ሚዛን ላይ የሚነበበው ሳይሆን ከቁመትና ከጾታ የሚሰላው ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግምና። የታማሚውን ቁመት የለካ ከሌለ ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል።

«ማሽኑ ራሱ ሳይበቃን ስለ አጠቃቀም ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲስፋፋ ማሽን አልበቃ አለ። የሕክምና ተማሪዎች ተራ እየገቡ፣ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ታማሚዎችን አስተነፈሱ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ሕክምና መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ማሽን ባነሰበት ቦታ የሠለጠነ እጅ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ሪባኑ ተቆርጦ ፎቶው ከተነሳ በኋላ፣ እኛ ጋዜጠኞች እንጠይቅ። ማሽኑን ለየታማሚው የሚያስተካክለው ማነው? ሌሊት ተረኛው ማነው? አንድ ነርስ ስንት ታማሚ ትጠብቃለች? ለእነዚህ መልስ ከሌለ የተረከብነው ዕቃ ነው፤ ሕክምናውን ገና አልተረከብንም።