መሣሪያው ከመላኩ በፊት ትምህርቱ ይቅደም

የሕክምና ሥራ በመሣሪያ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ የመሣሪያውን ቃል የሚመረምር ዐዋቂ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ሰው የሳንባ ነቀርሳ ለመለየት፣ የራጅ ሥዕሉን በሐኪም ፈንታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊያነበው እንዲችል በ2013 ዓመተ ምሕረት ፈቅዷል። ይህም የራጅ ሐኪም ላልተበራከተበት፣ ከቆቦ በስተ ደቡብ እንዳለችው እንደ ሮቢት ላለ የራያ ቆላ ታላቅ ረድኤት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ቀድሞ በዚሁ በሽታ ታሞ የዳነ ሰው በሳንባው ጠባሳ ሊቀርበት ስለሚችል፣ መሣሪያው የዳነውን እንደ ታመመ ይቈጥረው ይሆናል። ይህን ያልተማረ የጤና ሠራተኛ ጤነኛውን የብዙ ወር መድኃኒት ሊያስጀምረው ነው፤ የተማረው ግን የቀድሞ ሕመሙን ጠይቆ አክታውን ያስመረምራል።

ስለዚህ ሹማምንት መሣሪያውን ከመላካቸው አስቀድመው ሠራተኛውን ሊያስተምሩት፣ ካህናትም ሕዝቡ የቀድሞ ሕመሙን ሳይሸሽግ እንዲናገር ሊመክሩት ይገባል።