ለወረዳ የልማት ድርጅቶች ሕግ ይውጣላቸው

የሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በደቡብ ጎንደር የላይ ጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች ድሃ ገበሬ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ቀለቡን ሲቀበል ኖሯል። እርዳታው ሕይወት አትርፏል፤ በአካባቢው ስም የሚቀመጥና የሚራባ ገንዘብ ግን አላፈራም። ለዚህ ሕጉም ድርሻ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ለገቢ ማስገኛ ሥራ በሩን አጥብቦት ነበር። በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ትርፉን ለአባላት እስካላከፋፈሉ ድረስ ድርጅቶች እንዲነግዱ ፈቅዷል፤ ሆኖም በዋናነት የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው። ነፋስ መውጫ ላይ የድንች መጋዘን፣ እስቴ ላይ የማር ማጣሪያ ሊያቆም የሚሻ የወረዳ ድርጅት ዕድሉ በክልሉ ሕግ እጅ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት ራሱን የቻለ ድንጋጌ ሊያወጣለት ይገባል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፣ የአማራ ልማት ማኅበርም (አልማ) ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አለ የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ኅብረት ሥራ የሚያገለግለው በቅድሚያ ዕጣ የገዛ አባሉን ነው፤ መሬት የሌለው ወጣት የዕጣውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? አልማ ደግሞ ክልል አቀፍ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለሠራ ይመስገን እንጂ የስማዳዋን ከተማ የወገዳን ገበያ ያጠናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የሚከብደው ተቃውሞ የጋራ ሀብት በሹማምንት እጅ ይወድቃል የሚለው ነው። በአማራ ክልል የልማት ድርጅት በጥረት ኮርፖሬት የቀድሞ ኃላፊዎች ላይ በ2012 ዓ.ም. የተላለፈው ፍርድ ስጋቱ ከባዶ እንዳልመጣ ያሳያል። እንግዲያው ሕጉ የወረዳ አስተዳዳሪና የፓርቲ ኃላፊ ቦርድ ውስጥ እንዳይቀመጡ ይከልክል፤ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብም በየዓመቱ በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ። ድርጅቱ ቢፈርስ ንብረቱ እዚያው ወረዳ ላለ ተመሳሳይ ዓላማ ይተላለፍ።