ወንበሩ የአገሩ ነው ወይስ የጐበዙ?

በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) ሌዝብሪጅ በምትባል የካናዳ ከተማ የተደረገውን የወንዶች የከርሊንግ ሻምፒዮና ያሸነፈው ብራድ ጉሹ የኒውፋውንድላንድ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት የተጫወተው በኒውፋውንድላንድ ስም አልነበረም። የጠቅላይ ግዛቱን ስም ይዞ የመጣ ሌላ የወጣቶች ቡድን ነበር። ጉሹ ለቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ በአገሩ ማጣሪያ ስላልተካፈለ፣ በመዝገብ ላይ የሰፈረው «ዋይልድ ካርድ ቁጥር 1» ተብሎ ነው። ይባስ ብሎ ከአራቱ ተጫዋቾች አንዱ፣ ማርክ ኒኮልስ፣ በኮቪድ ተይዞ ቀረና የመጨረሻዎቹን ጨዋታዎች በሦስት ሰው ተጫወቱ። ለዋንጫው ከአልበርታው ኬቨን ኮ ጋር ተፋጠው፣ መደበኛው ጨዋታ እኩል ቢያልቅ በተጨመረው ዙር አሸነፉ። እንግዲህ የዚያን ዓመት የካናዳ ሻምፒዮን የየትኛውም ጠቅላይ ግዛት ተወካይ ያልሆነ ቡድን ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ክርክር ስላለበት ነው ዛሬ በዚህ ገጽ ያነሣሁት። በረዶ በማይተኛበት አገር ተቀምጦ ስለ በረዶ ጨዋታ መጻፍ ድፍረት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ውቅያኖስ ሳያይ ስለ ውቅያኖስ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ስንት እንዳለ ያስብልኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ወደ 45 ሜትር በሚረዝም የበረዶ መስመር ላይ፣ አራት አራት ሰዎች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች፣ እጀታ ያለውና 20 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው የተወለወለ ድንጋይ በየተራ እያንሸራተቱ ይለቃሉ። ድንጋዩ ሲጓዝ ሁለት ሰዎች ከፊት ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ያሹታል፤ ይህን መጀመሪያ ያየ ሰው የቤት ጠራጊዎች እሽቅድምድም ቢመስለው አይፈረድበትም። ማሸቱ ግን ሥራ አለው፤ በረዶውን ጥቂት ያሞቀዋል፣ ድንጋዩም ይበልጥ ይርቃል፣ መጠማዘዙንም ይቀንሳል። በመስመሩ ጫፍ ላይ ክብ ተሥሏል፤ ከባላጋራው ይልቅ ለክቡ እምብርት የቀረበ ድንጋይ ያለው ቡድን ነጥብ ያገኛል። እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ስምንት ድንጋይ ሲለቅ አንድ ዙር አለቀ ይባላል። ጨዋታውን ወደ ካናዳ ያመጡት የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው፤ ካናዳውያን ግን ከባለቤቶቹ ይልቅ የራሳቸው አድርገውታል።

የወንዶቹ ብሔራዊ ሻምፒዮና «ብራየር» ይባላል። ከ1927 እስከ 1979 በገንዘቡ የደገፈው ማክዶናልድ የተባለው የትንባሆ ኩባንያ ሲሆን፣ «ብራየር» የሚለውም ስም ከኩባንያው የትንባሆ ምርት የተወሰደ ነው። ስፖርትና ትንባሆ በአንድ ዋንጫ ላይ እንዴት እንደተስማሙ ለጤና አስተማሪዎች እተወዋለሁ።

በ1927 ቶሮንቶ ላይ ሲጀመር የነበሩት ስምንት ወንበሮች ናቸው። አከፋፈሉን ልብ በሉ። ቶሮንቶና ሞንትሪያል ከተሞች ሆነው ሳለ ለየራሳቸው አንድ አንድ ወንበር አገኙ፤ ያ ሁሉ የምዕራብ ሜዳ ግን በአንድነት አንድ ወንበር ብቻ ተሰጠው። የመጀመሪያውን ዋንጫ የኖቫ ስኮሽያው መሪ ማክኒል ወሰደ። በሚከተለው ዓመት የምዕራቡ ወንበር ተከፍሎ ማኒቶባ፣ ሳስካችዋንና አልበርታ የየራሳቸውን አገኙ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1928 እስከ 1932 አምስቱንም ዋንጫ በተከታታይ የወሰደችው ማኒቶባ ናት። ጉልበቱ ቀድሞም ነበረ፤ ያልነበረው ወንበሩ ነው። ከዚህ የተነሣ «ማን ያሸንፋል» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ማን ይገባል» የሚለው መጠየቅ እንዳለበት እኔ አልጠራጠርም።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ እየጨመረ ሄደ። ኒውፋውንድላንድ በ1949 ከካናዳ ጋር ተዋሕዳ በ1951 ገባች። የሰሜኑ በረዶ አገሮች፣ ዩኮንና የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ በ1975 በአንድ ቡድን ተጣምረው መጡ። ሰሜን ኦንታሪዮ ደግሞ ጠቅላይ ግዛት እንኳ ሳትሆን፣ የኦንታሪዮ አንድ ክፍል ሆና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሷ ወንበር ነበራት። ሕዝብ የሚቆጥር ሰው ይህን አድልዎ ይለዋል፤ ነገር ግን በ1982ና በ1985 በአል ሃክነር፣ በ2013 በብራድ ጄከብስ አለቅነት ዋንጫውን ወስዳ ለወንበሯ ዋጋ ከፍላለች።

የአሮጌው ሥርዓት ውበት ቀላልነቱ ነው። አራት ጓደኛሞች በሰፈራቸው ክለብ ይጀምራሉ፤ ያሸነፈ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ ወደ ብራየር ይወጣል። የጠቅላይ ግዛቱን ማጣሪያ ያሸነፉ ተጫዋቾች በደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ወይን ጠጅ የልብ ቅርጽ ምልክት አለ፤ ለብዙ ሰው ከዋንጫው ይልቅ የሚናፈቀው እሱ ነው። በዚህ መሰላል ወጥተው ነው የሳስካችዋኑ ሪቻርድሰኖች፣ ሁለት ወንድማማቾችና ሁለት የአጎት ልጆች፣ በ1959፣ በ1960፣ በ1962ና በ1963 አራት ጊዜ የነገሡት።

በዚሁ መሰላል ነው ጃክ ማክደፍ በ1976 ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ ሪጃይና የደረሰው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እሱ ግን አሸንፎ ለአገሩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። ነገሩን ሳላዳላ ልንገራችሁና፣ ሻምፒዮኑ ለካናዳ ተሰልፎ ወደ ዓለም ውድድር መሄድ አለበትና ማክደፍ በዚያ ዓመት ሄደ፤ ከዘጠኝ ጨዋታ ያሸነፈው ሁለት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ካናዳዊ እንደተናደደ መገመት አያስቸግርም። የክርክሩ ሥር ይኸው ነው፦ ሻምፒዮናው የአገሮች ስብሰባ ነው ወይስ የጐበዞች መምረጫ?

ሕጉ በየጊዜው ወደ ሁለተኛው መልስ እያዘነበለ መጥቷል። እስከ 1979 ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቶ ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ነበር ሻምፒዮን የሚባለው። በ1980 የፍጻሜ ጨዋታ መጣ። በ1985 የአልበርታው ፓት ራያን 11 ጨዋታ ተጫውቶ 11ዱንም ካሸነፈ በኋላ፣ በፍጻሜው በሃክነር ተሸነፈ። በአሮጌው ሕግ ቢሆን ዋንጫው የራያን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ገንዘብ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ሽልማት የሚከፈልባቸው ውድድሮች ተቋቋሙ፤ ታላላቆቹ ቡድኖች ብራየር ለተጫዋቹ ምንም አይከፍልም ብለው በ2002ና በ2003 አንካፈልም አሉ። ኋላ ታረቁ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ ሲዞሩ በሰበሰቡት ነጥብ ደረጃ የሚወጣላቸው ሆኑ። ደረጃ ከወጣ ደግሞ «አሥራ አንደኛው በአገሩ ስም ሲገባ አራተኛው ለምን ቤቱ ይቀመጣል?» የሚል መምጣቱ አይቀርም።

በ2015 የተሞከረው መፍትሔ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ የከፋው ነው። ደካማ ውጤት ያላቸው አገሮች ዋናው ውድድር ከመከፈቱ በፊት እርስ በርሳቸው ተጋጥመው አንዱ ብቻ እንዲገባ ተደረገ። በዚያ ዓመት ካልጋሪ ድረስ ተጉዛ፣ በዓሉ ሳይከፈት ተሸንፋ የተመለሰችው ማን ናት? የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደችው ኖቫ ስኮሽያ! ሠርግ ጠርቶ በር ላይ እንደ መመለስ ያለ ነገር ነው። ሥርዓቱ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ቀረ።

በ2018 ሌላ ዘዴ መጣ። ወንበሩ 16 ሆነ፤ ለ10ሩ ጠቅላይ ግዛቶች፣ ለሦስቱ የሰሜን ግዛቶችና ለሰሜን ኦንታሪዮ 14፣ ላለፈው ዓመት ሻምፒዮን አንድ፣ የቀረው አንድ ደግሞ በአገሩ ማጣሪያ ተሸንፎ በነጥብ ግን ከፍ ላለ ቡድን። ኑናቩት የምትባለው ሰፊ የሰሜን አገር በዋናው ውድድር ላይ የታየችው ያን ጊዜ ነው። ለባለ ነጥቡ የተሰጠው ወንበር «ዋይልድ ካርድ» ተባለ።

ቃሉ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም፤ በዚህ ቍጥር የተነሣ ሌላ አገር ቢወለዱ ኖሮ ያለ ክርክር የሚመረጡ ስንት ኢትዮጵያውያን ቤታቸው ተቀምጠው ውድድሩን በቴሌቪዥን እንዳዩ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። በዓለም ሻምፒዮና ግን ያለፈው አሸናፊ በራሱ መብት ስለሚገባ፣ በ2023 ቡዳፔስት ላይ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በዚህ መንገድ ገባችና ኢትዮጵያ በሴቶች ማራቶን አራት አሰለፈች። ወርቁን አማኔ በሪሶ፣ ብሩን ጎተይቶም ወሰዱት። ስለዚህ «ከየአገሩ እኩል» የሚለው ሕግ ማንን እንደሚጎዳ፣ ብዙ ጐበዝ ያፈራ አገር ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

በካናዳ ይህ ጉዳት የአልበርታ ነበር። በ2019 ለፍጻሜ የደረሱት የአልበርታው ኬቨን ኮና በዋይልድ ካርድ የገባው ብሬንደን ቦቸር ናቸው፤ ሁለቱም አልበርታውያን። ኮ አሸነፈ። በ2021 እንደገና ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ የአልበርታን ስም የያዘው ቦቸር፣ ዋይልድ ካርዱ ኮ ነበር። ቦቸር አሸነፈ። አሮጌው ሕግ ባይለወጥ ኖሮ በሁለቱም ዓመት ከሁለቱ አንዱ በረዶውን አይረግጥም ነበር። ይህን ሳስብ ጠዋት የአገሮቹ ወገን ሆኜ ከሰዓት በኋላ የጐበዞቹ ወገን እሆናለሁ።

በ2021 ወረርሽኙ ብዙ ማጣሪያ ስላሰረዘ ባለ ነጥቦቹ ሦስት፣ ወንበሩም 18 ሆነ። በ2024 «ዋይልድ ካርድ» የሚለው ስም ቀረና እያንዳንዱ ቡድን የአገሩን ስም ከአለቃው ስም ጋር ይዞ ገባ። በዚያ ዓመት ሪጃይና ላይ ከአልበርታ ብቻ ሦስት ቡድን ተሰለፈ። በሚከተለው ዓመት ኬሎና ላይ ያሸነፈውም የአልበርታ ቡድን ነው፤ አለቃው ግን ያ በ2013 ለሰሜን ኦንታሪዮ ዋንጫ ያመጣው ብራድ ጄከብስ ነበር። ተጫዋቹ ከአገር ወደ አገር ከተዘዋወረ በልብሱ ላይ ያለው የአገር ስም ምን ማለት ነው ብለው የሚያፌዙ አሉ።

እኔ አላፌዝም። ጉሹ ኒውፋውንድላንድን ወክሎ መጀመሪያ ብራየር የገባው በ2003 ነው። ሄደ፣ ተሸነፈ፤ በ2007 ለፍጻሜ ደርሶ በግሌን ሃዋርድ ተሸነፈ፤ በየዓመቱ ተመላለሰ። በመካከሉ በ2006 የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ብራየር ግን እምቢ አለው። በመጨረሻ በ2017፣ በገዛ ከተማው በሴንት ጆንስ፣ ከማክደፍ በኋላ በ41 ዓመት ዋንጫውን አነሣ፤ እስከ 2024ም ስድስት አደረሰው። ያ ሁሉ የመሸነፍ ትምህርት የተገኘው ትንሿ አገር የማይነጠቅ ወንበር ስለነበራት ነው። ስለዚህ 14ቱ ወንበር አይነካ፤ ባለ ነጥቦቹ በላዩ ይጨመሩ። የ18ቱ ሥርዓት ይህን ማድረጉ መልካም ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ ብሏል። ከ2024 ወዲህ ባለፈው ዓመት በነጥብ የበለጡ ቡድኖች አስቀድመው ስለሚያልፉ፣ በጠቅላይ ግዛታቸው ማጣሪያ ላይ አይሰለፉም። ቀን ሥራውን ሠርቶ ማታ ድንጋይ የሚያንሸራትተው የክለብ ተጫዋች ከታላቁ ሰው ጋር በአንድ በረዶ ላይ የሚገናኘው ግን በዚያ ማጣሪያ ነበር። ተመልካቹም ትኬት የሚገዛው ይህን ለማየት ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ነጥቡ ወንበሩን ይስጠው፤ ግን ወርዶ ከአገሩ ልጆች ጋር ይጫወት፤ ቢሸነፍ ወንበሩን አይጣ፣ ያሸነፈው ደግሞ የአገሩን ስም ይዞ ይምጣ እል ነበር። የቀን መቍጠሪያችን ሞልቷል ይሉኝ ይሆናል፤ ለገንዘቡ ውድድር የሚገኝ ሳምንት ግን ለማጣሪያውም አይጠፋም።