ዓባይን አይተናል፤ ምንጩንስ?

እንደሚታወቀው የተማሪዎች ሽርሽር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያልቀው በአውቶቡስ ኪራይና በምሳ ሒሳብ ላይ ነው። ወዴትና ለምን እንሄዳለን የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመከርበት ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ፣ በተለይም ከሌላ አገር ለትምህርት መጥተው አብረውን የሚማሩትን ወንድሞችና እኅቶች በማሰብ፣ አንድ ሐሳብ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የውጭ አገር ተማሪ በመካከላችን መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአክራ ከተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ወዲህ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥታ፣ ብዙዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምረዋል። ከእነርሱ ጋራ የተደረገው ውይይት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ስለ ገዛ አገራቸው አጥብቀው እንዲጠይቁ አድርጓል። እንግዳ የሚጠይቀው ጥያቄ የቤቱን ባለቤት ያነቃልና። ዛሬ ግን እንግዳው አራት ዓመት ተቀምጦ የሚያውቀው መኝታ ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ፒያሳን ነው። ከተማ ያደገው ኢትዮጵያዊ ተማሪም ከእንግዳው ብዙ አይሻልም።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። የዛሬው ተማሪ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ዓባይን አይቶ ምንጩን አያውቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ በረሃው ወርዶ፣ ከገደሉ አፋፍ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ደጀን ላይ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ጉዞው ሊጀመር የሚገባው ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእርሷ በረቡዕ ገበያ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይገኛል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ እየተባሉ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ወንዞች ከዚሁ ይነሣሉ። የዓባይ ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ፣ ከዚያ እስከ ጮቄ ራስ የሚጓዝ ሰው ቆላን፣ ወይና ደጋን፣ ደጋንና ውርጭን በአንድ ጉዞ ያያል። ጤፉ ለስንዴ፣ ስንዴው ለገብስና ለድንች ሲለቅ፣ በመጨረሻም ጓሳና ጅብራ ብቻ ሲቀር መመልከት ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ጮቄ የውበት ሥፍራ ብቻ አይደለም። አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናምኗል፤ ዳገቱ ሽቅብ ታርሷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ከውኃው ጋራ ከደጋው የታጠበውን አፈር ይቀበላል። ገበሬውን አላዋቂ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። መሬት የጠበበውና ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው ምን ያድርግ ለሚለው መልስ ለማግኘት ግን ማሳው ድረስ ሄዶ እርሱኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ስለ ተነሣው የጎጃም ገበሬ መጻሕፍት ነግረውናል፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬ የሚሉትን ግን ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ ለሽርሽር ኮሚቴው የምናሳስበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ተራራው በእግር ይወጣ፤ መንገድ መሪውም የአገሩ ሰው ሆኖ የድካሙን ዋጋ ያግኝ። ሁለተኛ፣ ከተራራው አንድ ጭራሮ እንዳይቆረጥ ቡታጋዝ ከከተማ ይያዝ፤ የምንበላውም በገንዘብ ይገዛ እንጂ እንግዳ ተቀባይነት እየተባለ ከድሃ ጓዳ አይወሰድ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ የውጭ አገር ተማሪ አንድ የጎጃም ልጅ ይመደብለት፤ እያስተረጎመለት፣ እግረ መንገዱንም ስለ እንግዳው አገር ይጠይቀው። አራተኛ፣ ጊዜው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ጋቢ ያልያዘም አይሂድ።

አንድ ነገር ሳይሸሸግ መነገር አለበት። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት የጎጃምን መንገድ አስጊ አድርጎታል። ሰላሙ ከአገሩ ሰዎች አፍ ሳይረጋገጥ አንድም ተማሪ፣ ይልቁንም በአደራ የተሰጠን እንግዳ፣ ይሂድ አንልም። ሆኖም መዘግየትና መርሳት አንድ አይደሉም። እኛ ጉዞአችንን ለከርሞ ልናሻግር እንችላለን፤ የጮቄ ገበሬ ግን ኑሮውን ለከርሞ ማሻገር አይችልም። እስከዚያው ካርታው ይጠና፤ ገንዘቡ ይጠራቀም፤ ከዚያ አገር የመጡ ጓደኞቻችንም በስብሰባ ቀርበው ስለ ቀያቸው ይንገሩን። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ዝግጁ ሆነን እንገኝ።